«ደህና አይደለሁም» ያሉኝ ጎረቤቴ

«ሃው አር ዩ» ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፈውን ፈረንጅ የማናማበት ቀን የለም። እኔም በዚህ ሐሜት የታወቅኩ ነኝ፤ አሜሪካ፣ ዴንቨር የገባሁ ሰሞን አንዲት የሱቅ ሠራተኛ እንዴት ነህ ስትለኝ የእውነት መስሎኝ የወገቤን ሕመም ከሥሩ ልነግራት ስጀምር ቀጣዩን ሰው ጠራች። የእኛ ሰላምታ ግን ገና ከአፍ ሲወጣ ምርቃት ነው። ጤና ይስጥልኝ! ከራስ ተነስቶ ልጆችን፣ ሥራን፣ አገር ቤት ያሉትን፣ ክረምት ከሆነም መኪናውን ሳይቀር አዳርሶ ይመለሳል። ተጠያቂውም አንድ መልስ አለው፤ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትኩሳት ይኑረው፣ ከሥራ ይባረር፣ ትዳሩ ይፍረስ፣ መልሱ ያው ነው። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ጆሮውን ቤቱ ትቶ መምጣት ይችላል።

እኔ እንግዲህ እንጀራዬ ከጤና ነው። ሌክውድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ነኝ፤ የደም ግፊት እለካለሁ፣ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አንዲት አሮጊት ቁርሷን ከተወች ለምን እንደተወች ጠይቄ እጽፋለሁ። በቤተ ክርስቲያንም ጨው ቀንሱ፣ በእግር ሂዱ እያልኩ ሰውን የማሰለች እኔው ነኝ።

የምኖረው ኦሮራ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ነው። ከእኔ በታች ጋሽ ዘለቀ አሉ። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው እዚህ ያረጁ፣ ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ሲጀምር ታክሲያቸውን አስረክበው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አንድ የጥር ጠዋት የመኪናዬን መስታወት በረዶ እየፋቅኩ ሳለ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ረፍዶብኛል።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ደህና ነዎት?» አልኩ ቀና ሳልል።

«ደህና አይደለሁም ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል?» ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ነገሩ የገባኝ ኮልፋክስ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ነው። ሽማግሌው ደህና አይደለሁም ሲሉኝ እኔ ፈጣሪን አመስግኜ ሄድኩ! እውነቱን ልንገርዎት፣ መጀመሪያ ሳቅኩ። ለጓደኞቼ ሳወራው እንዴት እንደሚያስቅ ሁሉ አሰብኩ። ሳቁ ሲያልፍ መመለስ እንዳለብኝ አወቅኩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ዘግይተሃል ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጽፎብኛል፤ ስልካቸው ስላለኝ በሥራ እረፍቴ፣ ብሬክ ላይ፣ እደውላለሁ አልኩ። ብሬክ ላይ ሳምቡሳ በላሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጋሽ ዘለቀ አልደበቁም። መድኃኒቱ ነው መኪና አስነስቶ የሄደው።

ለካ ደረታቸውን አፍኗቸው፣ ሆስፒታል አድርሰኝ ሊሉኝ ነበር የወጡት። እኔ ስሄድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ናይን ዋን ዋን ደወሉና አምቡላንሱን ብቻቸውን ጠበቁ። ልባቸው ነበር። ተረፉ፤ በእኔ ግን አይደለም። ይህን በማግስቱ ከአከራያችን ስሰማ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

መቼም የእኛ ሰው የታመመ በመጠየቅ አይታማም። በሦስተኛው ቀን የሆስፒታል ክፍላቸው መቆሚያ አልነበረውም፤ ብርቱካኑ፣ ጁሱ፣ በፔርሙዝ የመጣው ሾርባ መስኮቱን ሞልቶታል። ቃሉን ልብ ይበሉልኝ፤ መጠየቅ ነው የሚባለው። የተኛውን እንጠይቃለን፣ ቆሞ የሚሄደውን ሰላም ብለን እናልፋለን። እንግዲህ ከእኛ መሃል ጠያቂ የፈለገ ሰው መጀመሪያ መውደቅ አለበት ማለት ነው። እኔም ይቅርታ ልጠይቃቸው በመንገዱ ሁሉ ቃል ስመርጥ ሄጄ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሳይ ግን ጁሴን አቅፌ በሩ ሥር ቆምኩ።

እትዬ አልማዝ የሚባሉ የሰንበቴ ማኅበርተኛቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ያን ጠዋት እንዲያው አንድ ሰው እንኳ ከጎንዎ አልነበረም ወይ ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ዘለቀ ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩና እኔ ላይ ቆሙ።

«ነበረ እንጂ» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ ልጅ ደህና ነዎት ወይ ብሎ ጠይቆኛል።»

ከዚያ ወዲያ አልጨመሩም። ምሕረት ይሁን ፍርድ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ውሸት ግን አልነበረበትም። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ አልማዝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ማለት ይህ ነው፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን እያሉ መረቁኝ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ይጠብቃል፤ እናት የሚያክሉ ሰው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁዎት እርስዎስ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?

አሜን አልኩ።