ተራራውን ጠይቂ!

ሰማዩን እንደ ጓሮው ላስተዳድር የሚል ሰው የሌለበት መንደር ካለ፣ ገና ሰው አልሰፈረበትም ማለት ነው። የእኛው ክቡር የደመና ሹም ቪሊኬሳ ይባላል፤ ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር ነን።

ዝናብ ቢጠፋም ቢመጣም መልሱ አንድ ነው፦ «ተራራውን ጠይቂ!» ነፋሱ የባሕሩን ውሃ ተሸክሞ ይመጣል፤ ተራራውን ሲወጣ ይደክመውና ሸክሙን በምሥራቅ፣ በዋና ከተማችን በሱቫ በኩል ያራግፋል፤ ወደ እኛ ወደ ምዕራብ ባዶ እጁን ይወርዳል። ይህን ለቄሱ ስብከት አቋርጦ፣ ለሙሽራዋ በሠርጓ ዕለት፣ በቀብር ላይ ደግሞ ለሟቹ ጭምር አስረድቷል።

አምና «ነፋሱ ዞረ! ዛሬ ለእኛም ይዘንባል!» እያለ ለምንጣፍ መሥሪያ ያሰጣነውን ቅጠል ሦስት ጊዜ ከነእርጥበቱ አስገብቶን ሻገተብን። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ደጄ ቆሞ «ሴሬአና፣ ምራትሽን አሁኑኑ ወንዙን አሻግሪያት» ሲል መንደሩ ሳቀ። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ነው። ምራቴ ሊቲያ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል፤ ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድይ የለንም።

«ደመናህ የታለ?» አልኩት።

«ከተራራው ጀርባ። ሌሊቱን ሲያጉረመርም አልሰማሽም? ዝናቡ እኛን ባያውቀን ከተራራው የሚወርደው ወንዝ ያውቀናል።»

«ቅጠሉንም እናስገባ እንዴ፣ ክቡርነትዎ?» አለች ጎረቤታችን ታራይቪኒ ከማጀቷ ብቅ ብላ።

እሱ አልሳቀም። ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ብሄድና ውሃው ባይመጣ፣ እስክሞት መሳቂያ ነኝ። ብቀርና ቢመጣ... ይህን አስቤ መጨረስ አልቻልኩም።

«ተነሽ ልጄ።»

«በዚህ ፀሐይ፣ እማማ?»

«በዚህ ፀሐይ።»

ወንዙ ከጉልበት አያልፍም ነበር። እሱ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ደግፈን አሻገርናት። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ድንጋዩን በእግሯ እየዳሰሰች ተራመደች። እሱ ፍየሎቹን ከወንዙ ዳር ሊያሸሽ ወደ መንደሩ ሮጦ ተመለሰ።

ዳገቱን ሳናጋምስ ከኋላችን የድንጋይ ጉርምርምታ ሰማን። ዞርን። የተሻገርንበት ቦታ የለም። ጭቃማ ውሃ ግንድ እየነቀለ ይወርዳል፤ በላያችን ፀሐይዋ ታቃጥላለች።

ቪሊኬሳ ከማዶ ቆሞ ወደ ተራራው እየጠቆመ ማስረዳት ጀምሯል። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ በወንዙ ጩኸት አንዲት ቃል አይሰማም።

«ምን ይላል፣ እማማ?»

«ቆይ ልጄ፣ ይጨርስ» አልኳት፤ በየመሀሉም «ልክ ነህ!» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁለት።