ለሦስት ጎጥ አንድ ኮምፒውተር ለመገጣጠም የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የአፋፍ ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት
ግሼ

ቀን፦ እሁድ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት (ቁልፉ ስላልተገኘ በረንዳው)
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 5፡00፣ ማለትም በሰዓቱ

የተገኙ

1. አቶ ዳኜ፣ ሰብሳቢ፤ የላይ ጎጥ ተወካይ
2. መሪጌታ አትናቴዎስ፣ አባል፤ የታች ጎጥ ተወካይ
3. ወ/ሮ ሙሉመቤት፣ አባልና ገንዘብ ያዥ፤ የወንዝ ማዶ ጎጥ ተወካይ
4. አቶ ሙሐመድሁሴን፣ አባል፤ ቆላ ወርደው ስልክና ቻርጀር ስለሚነግዱ የቴክኖሎጂ አማካሪ
5. መምህር ትዕዛዙ፣ የአይሲቲ መምህር፤ ጸሐፊ
6. የአቶ ወንድምአገኝ ጋቢ
7. ጽናት ዳኜ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተወካይ፤ ድምፅ የላትም፤ የሰብሳቢው ልጅ ናት

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ድምፅ ካላቸው ዘጠኝ አባላት ስድስቱ መገኘት ነበረባቸው። የተገኙት አምስት ናቸው። ሆኖም አቶ ወንድምአገኝ ለቅሶ ለመድረስ ሲነሡ "መጣሁ" ብለው ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ስለሄዱ፣ በግሼ ብርድ ጋቢውን ጥሎ ሩቅ የሚሄድ ሰው የለም ተብሎ እንደተገኙ ተቆጥረዋል። በዚህም ጉባኤው ሞልቷል።

ጸሐፊውን በተመለከተ፦ የኅብረቱ ደንብ "ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም፣ ድምፅም አይሰጥም" ይላል። ደንቡ የወጣው የቀድሞው ጸሐፊ ሲያወራ መጻፉን ስለሚረሳ ነው። ዛሬ ከተሰብሳቢው መካከል ኮምፒውተር በእጁ ገጣጥሞ የሚያውቀው መምህር ትዕዛዙ ብቻ መሆኑ ስለታወቀ፣ "እንግዲያው የተማረ ሰው ይጻፍልን" ተብሎ በጭብጨባ ጸሐፊ ሆኖ ተመርጧል። ጸሐፊው ማመስገን ፈልጎ ነበር፤ ደንቡ አልፈቀደለትም።

መነሻ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሰኔ የሚፈተኑት በኮምፒውተር ነው። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የለውም። እስካሁን ትምህርቱ ሲሰጥ የቆየው መምህሩ ካርቶን ላይ በሣለው ኪቦርድ ነው። ሦስቱ ጎጦች ያዋጡት ገንዘብ ለአዲስ ስለማይበቃ፣ ዕቃው ተለቃቅሞ በርካሽ እንዲገጣጠም ታስቦ የዛሬው ስብሰባ ተጠርቷል።

አጀንዳ 1፦ የኮምፒውተር ዕቃዎችን ስለመምረጥ

1.1 ላፕቶፕ ወይስ ተገጣጣሚ

አቶ ሙሐመድሁሴን ያገለገለ ላፕቶፕ ቢገዛ ነገሩ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ገለጹ። ሰብሳቢው፣ ነገር በአንድ ቀን የሚያልቅ ከሆነ ኮሚቴ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁ። ወ/ሮ ሙሉመቤት ላፕቶፕ ነጠላ ሥር ገብቶ የሚጠፋ ዕቃ መሆኑን አሳሰቡ። የማን ነጠላ እንደሆነ አልተናገሩም፤ መሪጌታ አትናቴዎስ ግን "ታች ጎጥን ሌባ ማለትዎ ነው?" ሲሉ ተነሡ። ወ/ሮ ሙሉመቤት ስም እንዳልጠሩ ገልጸው፣ ወዲያው ስም ጠሩ። ስሙ በሰብሳቢው ትእዛዝ ከቃለ ጉባኤው ውጭ ሆኗል።

ሰብሳቢው ለማስታረቅ የቅርጫ ሥርዓትን አነሡ። "በሬ ጥለን ስንካፈል ተጣልተን እናውቃለን?" ብለው ጠየቁ። ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ፤ ሁሉም ያውቃሉና። ሰብሳቢው ዝምታውን እንደ ድጋፍ ወስደው ቀጠሉ። ኮምፒውተሩ በአንድ ጎጥ ካደረ ሁለቱ ጎጦች እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው፣ ማታ ማታ ተፈትቶ እንደ መደብ ሥጋ በየጎጡ ቢያድር ጥርጣሬ እንደማይኖር አስረዱ።

ውሳኔ 1.1፦ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ላፕቶፕ በብልት የማይወጣ ዕቃ በመሆኑ ቀርቶ ተገጣጣሚ ኮምፒውተር እንዲገዛ፤ ማታ ማታ ሳጥኑ ላይ ጎጥ፣ ስክሪኑ ታች ጎጥ፣ የሆድ ዕቃው ወንዝ ማዶ እንዲያድር፤ ራም የሚባለውም አንድ ትልቅ መሆኑ ቀርቶ ለመካፈል እንዲመች ሁለት ትንንሽ እንዲሆን፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ተማሪዎቹ ውሃው እስኪጎድል እንዲታገሡ፣ በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ (በጋቢው) ተወስኗል።

1.2 ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ

አቶ ሙሐመድሁሴን አዲስ አበባ ያለ ባለሱቅ በቴሌግራም የላከላቸውን ዝርዝር ከስልካቸው አነበቡ። በዝርዝሩ መሠረት የኮምፒውተሩ አንጎል ፕሮሰሰር ነው፤ የሚቀመጠውም ማዘርቦርድ በሚባል ሰሌዳ ላይ ነው። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ሁለቱም ዘጠነኛ ትውልድ ናቸው።

እዚህ ላይ መሪጌታ አትናቴዎስ እጃቸውን አነሡ። ከአንድ ቤት ወጥተው፣ በአንድ ትውልድ ተቆጥረው፣ አንድ ላይ ሊጣመሩ መሆኑን ጠየቁ። "አዎ" ተባሉ። መሪጌታም፣ "በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር የሚጣመር የለም። ለልጆቻችን ሥርዓት ያስተምራል ያልነው ትምህርት ቤት ነው በገዛ እጁ ዘመድ ከዘመድ የሚያጣምረው?" ሲሉ አጥብቀው አሳሰቡ። ወ/ሮ ሙሉመቤት "ኧረ መሪጌታ፣ ብረት ነው እኮ! ሙሽራ አደረጉት?" ብለው ተቃወሙ። ይሁን እንጂ ከዘጠነኛው ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጠር የሚገኘው ሁለተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ እጅግ ርካሽ መሆኑን ከአቶ ሙሐመድሁሴን ሲሰሙ፣ ሥርዓት መከበር አለበት ብለው ሐሳባቸውን ለውጠዋል።

ጸሐፊው ዘጠነኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ሁለተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ እንደማይገባ ያውቃል። በደንቡ መሠረት አልተናገረም፤ አሳለው። ሰብሳቢው "ብርድ ነው ወይስ አስተያየት?" ሲሉ ጠየቁት። መመለስ ስላልተፈቀደለት ደግሞ አሳለው። በጉዳዩ ላይ ውይይት ተደርጎ የመጀመሪያው ሳል ብርድ፣ ሁለተኛው ግን አስተያየት እንደነበረ ስለታመነበት ጸሐፊው በቃል ተገሥጿል። ተግሣጹን የመዘገበውም እሱው ነው።

ውሳኔ 1.2፦ ሰባት ቤት የተራራቁ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ እንዲገዙ በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ (በጋቢው) ተወስኗል።

1.3 ማቀዝቀዣ ፋን

ዝርዝሩ ላይ ፋን መኖሩ ተሰብሳቢውን አሳቀ። ሰብሳቢው፣ ባለሱቁ ግሼን በዓይኑ እንዳላያት ከዚህ በላይ ማስረጃ እንደማያስፈልግ ገለጹ። አቶ ሙሐመድሁሴን፣ "ወላሂ አቶ ዳኜ፣ እኔ ራሴ ጆሮዬ እየወደቀ ነው፤ ግን ዕቃው ሲሠራ ይሞቃል ነው የሚሉት" ብለው አስረዱ። ሰብሳቢው፣ እሳቸውም ሲሠሩ እንደሚሞቃቸው፣ እስከ ዛሬ ግን ፋን የገዛላቸው እንደሌለ መለሱ። መልሱ አጥጋቢ ሆኖ ተገኝቷል። ወ/ሮ ሙሉመቤት፣ በቀን የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት መስታወት ስለሌለው ነፋሱ እንደሚበቃ፣ የሚያሳስባቸው ግን ሌሊቱ መሆኑን ገለጹ።

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ አላሳለውም። መሳሉን ትቶታል።

ውሳኔ 1.3፦ ፋኑ ተሰርዞ በምትኩ ኮምፒውተሩ ሌሊት የሚለብሰው ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ እንዲገዛ፤ ባናውን የሚሸጡት ወ/ሮ ሙሉመቤት ስለሆኑ ዋጋውን ገንዘብ ያዧ ወ/ሮ ሙሉመቤት እንዲከራከሯቸው በአራት ድጋፍ ተወስኗል። ጋቢው ነፋስ ጥሎት ስለነበር ድምፅ አልተቆጠረለትም፤ ወዲያው ግን ተነሥቶ ወንበሩ ላይ ስለተመለሰ ምልዓተ ጉባኤው አልፈረሰም።

1.4 ኪቦርድና ማውስ

ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይደር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሁሉም ሲስማሙ፣ ጽናት ዳኜ ለመናገር ጠየቀች። ድምፅ ባይኖራትም አንደበት ስላላት ተፈቅዶላታል። ጸሐፊው ቃሏን እንዳለ አስፍሯል፦

"ቲቸር ካርቶን ላይ የሣሉልንን ሁለት ዓመት ተጭኜዋለሁ። ፊደሉ ሁሉ የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ግን ተጭኜ የሚመጣ ነገር አይቼ አላውቅም። ማውስ ደግሞ ካርቶን ላይ ቢሣል አይንቀሳቀስም። አምና ታላቅ እህቴ እታለም የምሥራች ፈተናው ላይ የማውሷ ቀስት ስክሪኑ ላይ ጠፍታባት ስትፈልግ ሰዓቱ አለቀባት። መልሱን ታውቀው ነበር እኮ! ማታ ማታ ለእኔ ስታስረዳኝ የነበረችው እሷ ናት። እኔ አንድ ሳምንት ነክቼው ብሄድ ይበቃኛል። ለእሷ የሆነው ለእኔ እንዳይሆን ነው የምለምናችሁ። አሁን የት እንዳለች አባባ ያውቃል።"

ሰብሳቢው ይህ የቤት ጉዳይ መሆኑን ገለጹ። ወ/ሮ ሙሉመቤት ቃለ ጉባኤው የተሟላ እንዲሆን ልጅቷ ዓረብ አገር መሄዷን ዝቅ ባለ ድምፅ አከሉ። ሰብሳቢው ስብሰባውን ለመቀጠል ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው አልቀጠሉም። በዚህ ጊዜ ውሳኔ አልተሰጠም።

1.5 ስለ ጸሐፊው መልቀቅ

ጸሐፊው ከጸሐፊነቱ ወርዶ እንደ ተራ አባል መናገር እንዲፈቀድለት ጠየቀ። መናገር ስለማይፈቀድለት ጥያቄውን ያቀረበው በወረቀት ጽፎ ነው። ወረቀቱን ጽናት አነበበችው። ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቷል።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሣ።

(ከዚህ በታች ያለው ግማሽ ገጽ ባዶ የሆነው በዚያ ጊዜ ጸሐፊ ስላልነበረ ነው። ወረቀት ለማባከን አይደለም።)




1.6 ስለ ጸሐፊው መመለስ

የሚጽፍ ሰው በመጥፋቱ (ወ/ሮ ሙሉመቤት መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል፤ መሪጌታ የሚጽፉት ብራና ላይ ነው፤ አቶ ሙሐመድሁሴን ስልካቸው ባትሪ ጨርሷል፤ ሰብሳቢ ይመራል እንጂ አይጽፍም፤ ጽናት ድምፅ የላትም) መምህር ትዕዛዙ በድጋሚ በጭብጨባ ጸሐፊ ሆኖ ተመርጧል። ጸሐፊው ወንበሩ ላይ ሲመለስ ያየውን እንዲህ መዝግቧል፦ አቶ ዳኜ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። መሪጌታ አትናቴዎስ "እውነት ነው ልጄ፣ እውነት ነው" ይሉ ነበር። ወ/ሮ ሙሉመቤት ባናው እንዲቀር ራሳቸው ጠይቀዋል። ምን ምን እንደሚገዛ ስምምነት ላይ ተደርሶ ነበር። ጽናት ትስቅ ነበር። ጸሐፊው በዚህ ትምህርት ቤት ባስተማረባቸው ዓመታት እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሰብሳቢው "በል እንግዲህ ውሳኔያችንን ጻፈው" ሲሉ ጸሐፊውን አዘዙ። ወ/ሮ ሙሉመቤት የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። ነገ ኦዲት መጥቶ "ይህ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ተወሰነ?" ቢል የሚጠየቁት ገንዘብ ያዧ መሆናቸውን፣ ጸሐፊ በሌለበት የተወሰነውን ጸሐፊ እንደነበረ አድርጎ መጻፍ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ እንደሚባል አስረዱ። ኦዲት የሚለው ቃል ከተነሣ በኋላ ሁሉም ወደየራሳቸው ጫማ ተመለከቱ።

ሰብሳቢው ጸሐፊው የተናገረውን ቢደግመው ያኔ ሊጻፍ እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው ተመልሶ ጸሐፊ ስለሆነ መናገር እንደማይችል ተጠቁሟል። ሌላ ሰው ይድገመው ተባለ። መሪጌታ አትናቴዎስ ንግግሩ መልካም እንደነበረ አስታወሱ፤ ምን እንደነበረ ግን አላስታወሱም። አቶ ሙሐመድሁሴን ሦስት የዕቃ ስሞች አስታውሰው ሁለቱን እርስ በርስ ቀላቀሉባቸው። ጽናት ዳኜ ተነሥታ የትኛው ፕሮሰሰር ከየትኛው ማዘርቦርድ፣ ስንት ራም፣ የትኛው ፋን፣ ማውሱ ለምን ከሁሉ እንደሚቀድም፣ አንድ ቃል ሳትስት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ድምፅ የሌላት ስለሆነች የተናገረችው እንደ ውሳኔ ሐሳብ ሊቀርብ አልቻለም። በአስተያየትነት ተይዟል።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ውሳኔ 2.1፦ ረዥምና አድካሚ ውይይት ከተደረገ በኋላ፤ ከ1.1 እስከ 1.3 የተወሰኑት ውሳኔዎች ስሕተት መሆናቸውን ሁሉም ስላመኑ እንዲሻሩ፤ ከዚያ በኋላ የተወሰነው ውሳኔ ትክክል መሆኑን ሁሉም ቢያምኑም ስላልተጻፈ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ ስለዚህ ዛሬ ምንም ዕቃ እንዳልተመረጠ ታውቆ ገንዘቡ ባለበት እንዲቀመጥ፣ በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ (በጋቢው) ተወስኗል። ሰብሳቢው እጃቸውን ያነሡት ከሁሉ በኋላ ነው።

ውሳኔ 2.2፦ ጉዳዩ በሰከነ መንፈስ እንደገና እንዲታይ ቀጣዩ ስብሰባ በሐምሌ ወር መጨረሻ እንዲሆን ተወስኗል። ጽናት ዳኜ፣ ዘንድሮ ሐምሌ ከሰኔ ይቀድም እንደሆነ ጠይቃለች።

ስብሰባው ከቀኑ 9፡30 ላይ በመሪጌታ ጸሎት ተዘግቷል።

ማሳሰቢያ፦ ጸሐፊው ከላይ በተወሰነው ውሳኔ እጅግ አዝኗል፤ አፍሯልም። ይህ ማሳሰቢያ ከአጀንዳው ውጭ ስለሆነ እንዲሰረዝ ጥያቄ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። የሚሰርዘው ጸሐፊው ስለሆነ አልተሰረዘም።

ትዕዛዙ፣ ጸሐፊ
(ፊርማ)