ያልነበረችው ሴት ውለታ

ቅናትን የማይረግም ሰው አይቼ አላውቅም። ሰባኪው ይረግመዋል፤ ሽማግሌው ይገሥጸዋል፤ ዘፋኙ ሳይቀር ያለቅስበታል። እኔ ብቻ በየማለዳው አመሰግነዋለሁ። ለምን አትሉኝም?

ሬኮ በምትባል የገጠር ቀበሌ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ሠላሳ ዓመት ውሃ ስቆጣጠር ኖሬ፣ ዲላ ገብቼ ጡረታዬን ላጣጥም ስል ሆዴ አመፀ። ምሳ በልቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እምብርቴ ዙሪያ ጨምድዶ ይይዘኛል፤ አስጎንብሶኝ ይቆይና እንዳልነበረ ይለቀኛል። ካልበላሁ ግን ምንም የለም! ታዲያ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? መብላት ያቆማል። እኔም ብልህ ነኝ።

ችግሩ፣ በእኛ አገር አልበላም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሚስት ያቀረበችውን ገፍቶ መነሳት ሙያዋን መስደብ ነው። ባለቤቴ አስቴር ደግሞ ቆጮና ጎመን ስታቀርብ ጎረቤት ሳይጠራ የሚመጣባት ሴት ናት። ስለዚህ "ውጭ በልቻለሁ" ማለት ጀመርኩ። ዛሬም ውጭ፣ ነገም ውጭ። ሐኪም ስለ ምግብ ሲጠይቀኝም ደህና እበላለሁ እላለሁ፤ ሚስቱ የማታበላው ሰው ልባል? የጨጓራ መድኃኒቴን ይዤ እመለሳለሁ። ሱሪዬ ግን በቀበቶ ሳይሆን በጸሎት መቆም ጀመረ።

አስቴር አወጣች፣ አወረደች። ከቤቱ የማይበላ ባል የሚበላበት ሌላ ቤት አለው ማለት ነው! አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስወጣ ባጃጅ ይዛ ተከተለችኝ። መናኸሪያው ጀርባ ከማን ጋር አገኘችኝ መሰላችሁ? ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከሲጋራዬ ጋር።

ሴትዮዋ የት አለች ብላ አፋጠጠችኝ። ብምል ብገዘት አላመነችም። እንግዲያው ምሳህን የት በላህ ስትለኝ ተሸነፍኩና ምግብ እንደምፈራ ነገርኳት። የሰፋብኝን ኮሌታ አየችና አለቀሰች። እኔም ያን ጊዜ ነው ልሞት እንደሆነ የገባኝና የደነገጥኩት።

በነጋታው ሐኪም ቤት እኔን ማን አስወራኝ! "ዶክተር፣ ይዋሻል። ሲበላ ያመዋል፣ ሲጾም ይሻለዋል፤ የከሳው ምግብ ፈርቶ ነው" አለች። ወጣቱ ሐኪም እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንደ አዲስ አዳመጠኝና ወደ አዲስ አበባ ላከን። እዚያ ወደ አንጀቴ ደም የሚወስደው ቧንቧ ጠብቦ ተገኘ፤ ሲጋራዬም ዋናው ተባባሪ ነበር። "ጋሼ፣ ምግብ ሲገባ አንጀት ብዙ ደም ይፈልጋል፤ የእርስዎ ግን አይደርሰውም" ሲሉኝ አፈርኩ። ቡና ሲገባ ውሃ ካነሰ ማጠቢያው እንደሚቆም ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የሰው ቦይ ስጠርግ የራሴ ተደፈነ።

በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ቧንቧውን አሰፉት፤ እንዳይዘጋም ትንሽ የብረት መረብ አኖሩበት። ሲጋራ ተከለከልኩ፤ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ታዘዘልኝ። ከዚያ ፍርፍር በላሁ። እኔ ሰዓቴን፣ አስቴር እኔን እያየን ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት፣ ምንም። አንድ ሰዓት፣ ምንም! ጌታ ይመስገን ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ዲላ ስንመለስ ቤታችን የምስጋና ፕሮግራም አደረግን። እግዚአብሔርን፣ ሐኪሞቹን፣ ከሰው ሁሉ በላይ አስቴርን አመሰገንኩ። ስቀመጥ ጠጋ አለችና አንዲት ሴት ረስተሃል አለችኝ። ማንን ብላት፣ ያቺን ውጭ ምሳ የምታበላህን ነዋ፣ ለእሷ ብዬ ባይሆን መች እከተልህ ነበር አለች። የለችም እኮ አልኳት። ባትኖርም ውለታዋ አለ አለችና የዚያችን ሴት ድርሻ ሳህኔ ላይ ጨመረችው።

በላሁት።