የአማቴን ስም ማን ሰጠ?

የማያውቁት ሰው ደውሎ አማትዎን በስማቸው ቢጠራልዎ ምን ያደርጋሉ? እኔ ስልኬን አጥፍቼ መሶብ ውስጥ ከደንኩት።

ይሳቁ ግድ የለም። ሰውየው ሲናገር ጨዋ ነው። «አባባ፣ ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሒሳብዎ እንዳይዘጋ መረጃዎን ላረጋግጥ ነው» አለኝ። ስሜን ከነአያቴ ጠራ። እሺ፣ ስም የወጣው ሊጠራ ነው። ቀጥሎ ግን «አማትዎ ወይዘሮ ዘነበች ተሰማ ናቸው፣ አይደል?» አለኝ። አማቴ ያሉት ጎጃም ነው። አዲስ አበባን ረግጠው አያውቁም። እኔ ራሴ እንኳ ስማቸውን ለመጥራት አልደፍርም፤ «እትዬ» ብዬ ነው የማልፈው። ታዲያ ይኼ ሰው ከየት አመጣቸው? «አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ሲል «ቆይ መነጽሬን ላምጣ» አልኩት። ከዚያ በኋላ የሆነው የመሶቡ ነገር ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ሳልጠረጥር የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በር ከቆለፍኩ በኋላ ሦስት ጊዜ ገፋ አደርገዋለሁ። ጦር ኃይሎች ታክሲ ስሳፈር ደረት ኪሴን ጨብጬ ስለምይዝ፣ ሰው ልቤን ያመመኝ እየመሰለው ወንበር ይለቅልኛል።

የትኛው ባንክ ነህ ብዬ አልጠየቅኩትም። ያለኝ አንድ ባንክ ነው፤ እዚሁ ኮልፌ አስፋልቱ ዳር ያለው። እዚያ የምትሠራው ደግሞ የጎረቤቴ የሐጂ ከድር ልጅ ፈቲያ ናት። በቅርቡ የሒሳብ ቅጼን ስታድስልኝ ያልጠየቀችኝ ነገር የለም። እናቴን፣ ሥራዬን፣ ትምህርቴን… አማቴንም ሳትጠይቀኝ አትቀርም። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር! ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። የሚያስፈራውም ይኼው ነው። የማያውቀን ሰው ምናችንን አሳልፎ ይሰጣል?

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። መጻፍ አይቸግረኝም፤ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። አንደኛው፣ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ መሠረት ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ ስጡኝ የሚል ነው። አዋጁን ከሬዲዮ ነው የሰማሁት። ሁለተኛው ፈቲያን በስሟ የሚከስ ነው። እሱን ማስረጃው እስኪገኝ ብዬ ደረት ኪሴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ልጅቷ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። አባቷ ቋሚ የምትሆንበትን ቀን እየጠበቀ ነው። እንዲህ ያለች ወረቀት ከገባች እንደምትባረር አውቃለሁ። አውቄም ጻፍኩት። ሐጂንም ሳገኘው ሰላምታዬን ማሳጠር ጀመርኩ። «ምነው ታደሰ፣ አሞሃል እንዴ?» ሲለኝ «ጉንፋን ነው» እላለሁ።

ባንክ ስገባ ፈቲያ ብድግ ብላ «አባባ ታደሰ! ይቀመጡ» እያለች ወንበር ሳበችልኝ። ይኼ ደግነቷ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ያጠበቀ ወጣት ነው። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልን አያውቅም» አለና ስልኩ ላይ አዋጁን ሲፈልግ ቆየ። በመጨረሻ «መብትዎ ነው፤ ግን መጀመሪያ እርስዎ እርስዎ መሆንዎን ማረጋገጥ አለብን» አለኝ። መታወቂያ ከነኮፒው፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የቤት ቁጥር፣ የቅርብ ተጠሪ፣ የተጠሪው ስልክ…

«ልጄ፣ የያዛችሁትን ልጠይቅ ብመጣ ያልያዛችሁትንም ወሰዳችሁት እኮ» አልኩት።

ፈቲያ ሳቋን በመዳፏ ከደነችው። ቅጹን ስሞላ በክንዴ ጋረድኩባት። «አባባ፣ ኮምፒውተር ላይ የምጽፈው እኮ እኔው ነኝ» አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። እዚያ አልከፈትኩትም። ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ሦስት ጊዜ ገፍቼ፣ ለባለቤቴ ለአስካለ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስም። የእናት ስም። የጋብቻ ሁኔታ፣ ያገባ። ሥራ፣ ጡረተኛ። የትምህርት ደረጃ፣ ማንበብና መጻፍ።

«ስድስተኛ ክፍል መጨረሴስ የት ሄደ?» ብዬ ጮህኩ።

«ራስህ ነህ የደበቅከው። ‹ሁሉን ነገር ለምን ይወቁብኝ› ብለህ መጥተህ ነግረኸኛል» አለች።

እውነቷን ነው።

«ቀጥል እንጂ። እናቴስ?» አለች።

ወረቀቱን አገላበጥኩት። አማቴ የሉም። ጀርባውንም አየሁ። የሉም።

«እናቴን አላስመዘገብካትም?» ብላ ተቆጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለባንክ አማት ምን ይሠራለታል?» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሁለታችንም ደነገጥን።

«ታዲያ አማት የሚመዘግበው ማን ነው?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ይኼንን የሰፈራችን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እድር ነዋ! የአባል አማት ሲሞቱ እድሩ የሚደርሰው፣ አስቀድሞ በሕይወት ሳሉ ከተመዘገቡ ነው። መዝጋቢውስ? ጸሐፊው።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች አስካለ። ለማን እንደተረተችው አልጠየቅኳትም።

ድንኳኑና ድስቱ ወደሚቀመጥበት የእድር ቤት በቀጥታ ሄድኩ። በሩ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ፣ ባለፈው ወር በገዛ እጄ የለጠፍኩት ዝርዝር አለ። አባላት ስህተት ካለ እንዲያርሙ ብዬ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ርዕሱ በቀይ ቀለም የተጻፈ። ስም ከነአያት፣ ስልክ፣ ሚስት፣ ልጆች፣ አባት፣ እናት፣ አማት። ተራ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ፤ ለአርአያነት። ከታች ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «ማጣራት የሚፈልግ ማንኛውም ሰው በተራ ቁጥር አንድ ስልክ ይደውል» ይላል።

ደወለ፣ አጣራ። ምን አጠፋ ሰውየው?

ዝርዝሩን እየላጥኩ ሳለሁ ከኋላዬ «አባባ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፈቲያ ናት፤ ከሥራ መመለሷ ነው። «ምነው፣ የእኛን ሳላይ ይነቅሉታል እንዴ? እርስዎ ባንኩን ከጠየቁ ወዲህ እኔም አስቤበታለሁ። ስለ እኔ እርስዎ ጋ ምን ተጽፏል?»

እጄ ሳላዘው ደረት ኪሴ ላይ ዐረፈ።

«ውይ፣ ልብዎን አመመዎት?» አለች።

«በማመልከቻ ጠይቂ» አልኳት። «መታወቂያ ከነኮፒው፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ።»

እየሳቀች ሄደች። እኔ ሐጂ ጋ ሄጄ፣ ስለ ዝርዝሩና ስለ ደዋዩ ነገርኩት፤ እሱም እንዲጠነቀቅ፣ ለሌሎቹ የእድር አባላትም እንዲያስተላልፍ። ሰላምታዬንም አስረዘምኩለት። «ጉንፋኑ ለቀቀህ?» አለኝ። ለቀቀኝ አልኩት። ስለ ኪሴ አላነሳሁም።

ሬዲዮው የማያስፈልግ መረጃ መጥፋት አለበት ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ለሕግ ተገዢ ነኝ። ቤቴ ገብቼ የኪሴን ደብዳቤ በጣጥሼ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት፤ ዐመዱንም በእንጨት አመስኩት።

በማግስቱ ፈቲያ እውነትም ማመልከቻዋን ከነፎቶዋ ይዛ ከተፍ አለች። መዝገቡን ከፍቼ አየሁና «ከስሟና ከወላጆቿ ስም በቀር በእጃችን ስለ እርሷ የተጻፈ ምንም ነገር የለም» ብዬ ጻፍኩላት፤ ፈረምኩበት፤ ማኅተምም መታሁበት።

ዋሸሁ እንዴ? እሷ ስትመጣ ምድጃው ቀዝቅዞ ነበር።