የትራያን አፍንጫና የአቶ እሱባለው ሳንቲም

የጁባ ኢትዮጵያውያን የጥንት ሳንቲም ወዳጆች ማኅበር እሑድ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡00 ሰዓት፣ ሙኑኪ ሰፈር በሚገኘው የአቶ ገብረየስ ምግብ ቤት ጓሮ አስቸኳይ ስብሰባ አደረገ። ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
አቶ ገብረየስ፣ ሰብሳቢ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት
ወ/ሮ በዛብሽ፣ መርማሪ፣ ማላኪያ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው
አቶ እሱባለው፣ አባል፣ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ነጋዴ
ናሁሰናይ፣ ፀሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ሐጎስ፤ ባለፈው ስብሰባ ሳንቲማቸው ፎርጅድ ስለተባለ አኩርፈው።

አጀንዳ 1፦ አቶ እሱባለው ያመጡት፣ የሮማው ንጉሠ ነገሥት የትራያን መልክ ያለበት የብር ሳንቲም እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ?

ወ/ሮ በዛብሽ ሳንቲሙን በማጉያ መነጽር አይተው ጠርዙን የሚዞር ቀጭን መስመር እንዳለው አስረዱ። የጥንቱ ሳንቲም በመዶሻ እየተመታ የተሠራ ስለሆነ እንዲህ ያለ መስመር እንደሌለው፣ ይህኛው ግን ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ መሆኑን ገለጹ። አክለውም ሳንቲሙ የሞተር ዘይት ይሸታል ብለው፣ "ለመሆኑ ትራያን ሞተር ሳይክል ነበረው?" ሲሉ ጠየቁ። አቶ እሱባለው ጥያቄው ንጉሡንም ነጋዴውንም የሚያዋርድ ነው በማለት ተቃውሟቸው እንዲመዘገብ አሳሰቡ። ተመዝግቧል።

ሳንቲሙ ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ በድምፁ እንዲመረመር ሐሳብ ቀረበ። ተጣለ። ከጄኔሬተሩ ጩኸት የተነሣ የሰማ አልነበረም። ጄኔሬተሩ እንዲጠፋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ማራገቢያውም አብሮ በመቆሙና ሰብሳቢው በላብ በመጠመቃቸው ጄኔሬተሩ እንዲነሣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በመካከሉ ሳንቲሙን መጣል መረሳቱ ታውቋል።

ሰብሳቢው "አፍንጫ አይዋሽም" ብለው፣ የእርሳቸው አፍንጫ የነገሥታት እንደሆነ እናታቸው ይመሰክሩ እንደነበር ጠቅሰው ከሳንቲሙ ጋር እንዲነጻጸር ጠየቁ። ግድግዳ ተደግፈው በጎን ቆሙ። ፀሐፊው በማስመሪያ ለካ። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ የሰብሳቢው አፍንጫ እውነተኛ መሆኑ በሦስት ድምፅ ጸደቀ። ወ/ሮ በዛብሽ ድምፅ አልሰጡም፤ ገና ይሥቁ ነበር። የትራያን አፍንጫ በይደር ተያዘ።

በመጨረሻም የመርማሪዋ ቃል ሚዛን ደፍቶ ሳንቲሙ ፎርጅድ ነው፣ ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆንም እዚሁ ይቀጥቀጥ ተብሎ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ከማዕድ ቤት የሥጋ መደብደቢያ ቀረበ። አቶ እሱባለው ሳንቲሙን በመዳፋቸው ሸፍነው "ኻላስ! በቃ! እጄን ምቱት!" አሉ። ምክንያቱን ተጠየቁ። እርሳቸውም ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ ወ/ሮ በዛብሽም ብቻቸውን መሆናቸውን እንደሚያውቁ፣ ሳንቲሙንም በቀለበት ፈንታ ሊሰጧቸው እንደገዙት ተናገሩ።

ሰብሳቢው "ታዲያ ለምን ወደ ስብሰባ አመጣኸው?" ሲሉ ጠየቁ።

አቶ እሱባለው ወደ ወ/ሮ በዛብሽ ዞረው፣ "ለእርስዎ ፎርጅድ ከምሰጥ አስቀድሜ ላስመርምር ብዬ ነው። ከእርስዎ በቀር ደግሞ የሚመረምር የለም" ሲሉ መለሱ።

ሰብሳቢው ጉዳዩ ከአጀንዳ ውጪ ነው ለማለት ጀመሩ። ወ/ሮ በዛብሽ "ገብረየስ፣ እባክህ አፍህን ያዝ" በማለት የሥነ ሥርዓት አስተያየት ሰጡ። ማጉያ መነጽሩንም አንሥተው አቶ እሱባለውን ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

"ሳንቲሙ ፎርጅድ ነው። ቃሌን አላነሣም" አሉ ወ/ሮ በዛብሽ። "ግን አምጣው።"

አቶ እሱባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ "አንተ" ማለታቸው በጉባኤው ተስተውሏል። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ምክንያቱ የማዕድ ቤቱ ሽንኩርት እንደሆነም አስታወቁ። የማዕድ ቤቱ በር ዝግ ነበር።

ሁለቱ አባላት ፈቃድ ሳይጠይቁ እየተሣሣቁ ወጡ። ቀሪዎቹ ሰብሳቢውና ፀሐፊው ስለ መዝጊያው መከሩ። ምልዓተ ጉባኤ ባይኖርም የሚቃወምም ባለመኖሩ፣ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በደስታ ተወስኖ ስብሰባው ከቀኑ 11፡15 ሰዓት ላይ ተበተነ።

ናሁሰናይ፣ ፀሐፊ