ቁልቁል ለመውረድ የሚሰለፍ ሰው

ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አብዛኛው የሚያወራው ስለ ፎቅ ነው። የአሰበ ተፈሪው ጎረቤቴ መምህር ግርማ ግን ከቡልጋሪያ ይዞ የመጣው አንድ ወሬ ብቻ ነበር። እዚያ ቤተሰብ ከነልጅ ከነአያቱ በረዶ የለበሰ ተራራ ላይ ይወጣና በተነፋ ጎማ ተቀምጦ ይንሸራተታል። እሱም ሞክሮ፣ አንዲት ሕፃን እየሳቀች ስታልፈው አጥር ውስጥ ገብቷል። ውድቀቱን እንዲህ የሚያወራ ምሁር ከየት ይገኛል?

«እንኳን ደህና መጣህ» ሊሉት የመጡት እማማ ዘነበች ግን፣ «ወርደው ምን ይዘው ይመለሳሉ?» አሉት።

«ምንም። ገመድ ወደ ላይ ይጎትታቸዋል፤ እንደገና ይወርዳሉ።»

«ባዶ እጃቸውን? ልጄ፣ መንገዱ አድክሞሃል፤ ተኛ።»

ከዚያ ወዲህ ግርማ «ዛሬ ሰኞ ነው» ቢል እንኳ ሰፈሩ ሌላ ሰው ይጠይቅ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ በረዶ ጥሎ ከሰፈራችን በላይ ያለው ተዳፋት ነጭ ሆነ። ግርማ ሚኤሶ ከሚመላለስ ሹፌር የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪ የሚሉትን፣ ተውሶ፣ ነፍቶ መጣ። «እስቲ ልየው» ያሉትን እማማን አስቀምጦ፣ ከኋላ ደግፎ፣ አብሯቸው ወረደ።

ታች ሲደርሱ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ገመዱስ?» አሉት።

ጎማውን በትከሻው ተሸክሞ፣ እማማን በክንዱ ደግፎ ወጣ። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ መንገድ ላይ ጭራሮ ለቅመው አሸክመውታል። ላይ ሲደርሱ ሰፈሩ ከነልጅ ከነአያቱ ተሰልፎ ጠበቀው። በረዶው እስኪቀልጥ ሁላችንንም አወረደን፤ ገመዱ እሱ ነበር።