ልጄ ኮከብ ትቆጥራለች

ቃል እንደ ሰው ነው፤ ጓደኛው ያበላሸዋል። «ቆጠራ» ብላችሁ ምንም አትሉም፤ የሕዝብ ቆጠራ አለ፣ የቤት ቆጠራ አለ። «ኮከብ» ብላችሁም አትደነግጡም። ሁለቱን ገጣጥሜ ብጠራቸው ግን እናንተም ወንበራችሁን ሸሸት ታደርጋላችሁ። እኔ በያጅ ነኝ፣ ብረት ከብረት ሲገጥም አውቃለሁ። ቃል ከቃል ሲገጥም ምን እንደሚያመጣ ያየሁት ግን በቀደም፣ እዚሁ ለቡ መብራት ኃይል፣ በገዛ ሳሎኔ ነው።

ልጄ ማርታ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ሰማይ ታጠናለች። የያዘችው አንድ ሩቅ ጋላክሲ ነው፤ የከዋክብት ሀገር በሉት። ፎቶውን በስልኳ አሳይታኛለች። ክንዶቹ እንደ አዙሪት ይጠመዘዛሉ፤ መሀሉን ልክ እንደ በር መወርወሪያ ቀጥ ያለ ብርሃን አቋርጦታል። በክንዶቹ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የመሰለኝ ሁሉ ለካ ገና የሚወለድ ኮከብ ነው። «ጌታ ዛሬም ሥራ አልፈታም ማለት ነዋ!» ብዬ አመሰገንኩ። እሷ እንግዲህ እነዚያን አራስ ኮከቦች ትቆጥራለች።

እሑድ ከሰዓት ከመካኒሳ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዮናታን የሚባል የጸሎት ቤታችን ልጅ ከማርታ ጋር ተዋደው ኖሮ፣ ሊጠይቁለት ነው። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፣ እንደ ወጉ «እንሰማለን» ብለን አስቀመጥናቸው። ሁሉ አምሮ ሳለ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ በቀለ፣ «ለመሆኑ ልጃችን ሥራዋ ምንድን ነው?» አሉ።

«ኮከብ ትቆጥራለች» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ ዘገየች።

ጋሽ በቀለ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እኛ በጌታ ቤት ያረጀን ሰዎች ነን። ልጃችንን ከጠንቋይ ቤት አንድርም!» ብለው ብድግ። ሁለቱም ተከትለው ብድግ። የልጄን ትዳር በሁለት ቃል ስበላው ታየኝ።

ማርታ ከጓዳ ወጥታ ያንን ፎቶ በስልኳ ለጋሽ በቀለ ዘረጋችላቸው። «አባባ፣ ይቺን ይዩልኝ። ይህ ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። እኔ የማየው ያለፈውን ብቻ ነው።»

«ስለ ነገስ?»

«ምንም።»

«የሰው ዕድልስ?»

«የራሴንም አላውቅ፤ ይኸው እርስዎ እጅ ላይ ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ተቀመጡ። ቀኑም ተቆረጠ።

ስሸኛቸው ጋሽ በቀለ በሩ ጋ ወደ ኋላ ቀሩ። ግራ ቀኝ አይተው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ፦ «የበኩር ልጄ ሥራ ካጣ ቆየ። ስሙ ሳሙኤል፣ የናቱ ስም ብርነሽ። እንዲያው… ለማርታ ጣል አድርግልኝ።» ኮከብ ቆጣሪ የሚፈልገው የናት ስም መሆኑን በጌታ ቤት ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም።

ለማርታ ብነግራት እስክትወድቅ ሳቀች። እኔ ግን ልጁ አሳዘነኝና፣ ሰውም አጥሮኝ ስለነበር፣ ሰኞ ጠርቼ የብየዳ ሥራ አስጀመርኩት። ኮከብ የለበት፣ ምን የለበት።

ትናንት ሁለተኛው ሽማግሌ ደወሉልኝ። ገና ደኅና ዋሉ ሳልላቸው «የሳሙኤልን ሥራ ሰማሁ» ብለው የናታቸውን ስም ነገሩኝ።